ውሻዬ ምን አገባችሁ

መጻፍ የተማርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም። ከዚህ በፊት በራሴ እጅ የጻፍኩት አንድ ማመልከቻ ብቻ ነው፤ እሱም ጉድ አፍልቶብኝ ነበር። አሁን የምነግራችሁ የዚያን ማመልከቻ ነገር ነው። የውሻዬን ነገር፣ የባለቤቴንም ትንሽ።

ብርቅዬ እባላለሁ። አዋሳ የመጣሁት ከሆሳዕና በኩል፣ ገና ልጅ ሳለሁ ከአክስቴ ጋር ነው። አማርኛ የለመድኩትም እዚሁ ገበያ ውስጥ ነው። ሥራዬ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ማጽዳት ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲደርሱ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቅርፊት እፍቃለሁ፣ ሆዱን እከፍታለሁ፣ ለሆቴሎች ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቼ ፊሌቶ አወጣለሁ። አምባዛ ከመጣ ግን መጀመሪያ መንጠቆውን ከአፉ ማውጣት አለ። አምባዛ በመንጠቆ ነው የሚያዘው፣ አንዳንዱ እስከ ጉሮሮው ድረስ ይውጠዋል። አጥማጆቹ እንዲህ ያለውን ወደ እኔ ይወረውሩታል።

"ለብርቅዬ ስጧት፣ እጇ ቀጭን ነው" ይላሉ።

እኔ አልመልስም። ዝም ብዬ እሠራለሁ። ሰው ፊት መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። አፌን ልከፍት ስል አንገቴ ይሞቀኛል፣ ያዘጋጀሁት ቃል ይጠፋብኛል።

ባለቤቴ ባዬ እንደኔ አልነበረም። የእርሻ መጋዘን ዘበኛ ነበር፤ አነጋገሩን የሰማ ግን መጋዘኑ የራሱ ይመስለው ነበር። ልጅ አልወለድንም። አሥር ዓመት ጠበቅን፣ አልመጣም። ሰፈሩ ደግሞ ዝም አይልም። በተለይ ጎረቤታችን እትዬ ጽጌሬዳ። አጥራችን አንድ ስለሆነ እሳቸው ግቢ የሚወራው ሁሉ እኛ ቤት ይሰማል። ጥፋቱ የሷ ነው፣ አይ የሱ ነው፣ ጠበል ቢሄዱ፣ እሷ እንኳ ጴንጤ ናት ጠበል አትሄድም፤ ብቻ የማይባል ነገር የለም።

አንድ ቀን ባዬ ቀይ ቡችላ በኮቱ ኪስ ይዞ መጣ። በማግስቱ እትዬ ጽጌሬዳ ለእንግዳቸው፣ "ልጅ ቢያጡ ውሻ ማሳደግ ጀመሩ" ሲሉ ሁለታችንም ሰማን። እኔ እንባዬ መጣ። ባዬ ግን ቡችላውን አንስቶ አጥሩ ሥር ሄደ።

"ስም አገኘሁልህ!" አለው፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። "ምን አገባችሁ! ና ምን አገባችሁ! እሰይ ምን አገባችሁ!"

ስሙ ያው ሆኖ ቀረ። ለውሻ እንዲህ ያለ ስም ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰው ፊት ለፊት ያልደፈረውን በውሻው ስም ይናገራል። ባዬ ፊት ለፊትም የሚናገር ሰው ነበር፣ ውሻው ምርቃት ሆነለት። ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ፣ ማታ ሲገባ አጥሩ ላይ ቆሞ ይጣራል። እኔ ግን በዚያ ስም ጠርቼው አላውቅም፣ አፍራለሁ። "ምኔ" ነበር የምለው፤ ቀስ ብዬ፣ ጆሮው አጠገብ።

ባዬ በ1973 ዓ.ም. በወባ ሞተ። የታመመው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ምኔ መጋዘኑ በር ላይ ሁለት ቀን ተኝቶ ጠበቀውና ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ አልተለየም። ጠዋት አብረን አሞራ ገደል እንወርዳለን። እኔ ሳጸዳ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ረጃጅም እግራቸውን እያነሱ ሆድ ዕቃ ሊነጥቁ ይመጣሉ፣ እሱ ያባርራቸዋል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ያየኛል። እኔም ለእሱ የማወራው አላጣም፤ ከሰው ጋር ያላወራሁትን ሁሉ።

መሠረተ ትምህርት የገባሁትም ባዬ ከሞተ በኋላ ነው፤ ወረቀት ሲመጣ የሚያነብልኝ ሰው አጣሁ። ፊደሉን ቶሎ ያዝኩት። ነጥብ ላይ ግን ደካማ ነበርኩ። አስተማሪያችን ደብተሬን አይታ "አራት ነጥቡ የት ሄደ?" ስትለኝ "ረሳሁት" እላለሁ። ሌላ ጊዜም እረሳዋለሁ። የምናገረው ነገር ስለሚገባኝ ነጥቡ የሚጠቅም አይመስለኝም ነበር።

በ1975 ግንቦት ውስጥ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ምኔ የአምባዛ ሆድ ዕቃ ዋጠ። ውስጡ መንጠቆ ነበረበት። በማንም አላላክክም፣ ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ከእኔ እጅ ያመለጠ መንጠቆ ነው።

ሲጮህ ዞር አልኩ። ከአፉ አንድ ስንዝር የሚሆን ሲባጎ ተንጠልጥሏል። ሳብ ሳደርገው ጩኸቱ ባሰ፣ ደም መጣ። መንጠቆ ወደ ኋላ የሚይዝ ጥርስ አለው፣ ሲስቡት ይብስ ይቀረቀራል። አፉን ከፍቼ ለማየት ሞከርኩ። ግን ዓሣ አይደለም። ሕመሙ ሲበረታበት የማንን እጅ እንደሚነክስ አያውቅም።

እሮብ ውኃም እምቢ አለ። ለሃጩ ይዝረበረብ ጀመር። ጠዋት እትዬ ጽጌሬዳ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ምን ሆኖ ነው?"

"መንጠቆ ዋጠ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ገላግይው እንጂ። ሰው ሐኪም ቤት ተሰልፎ ካርድ በሚያጣበት አገር!"

ከእሳቸው ቀጥሎ ማቴዎስ መጣ። ማቴዎስ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነው፣ ጠመንጃ ይይዛል። በሩ ላይ ቆሞ ለሃጩን አየ።

"ይሄ አብዷል" አለ።

"አላበደም። መንጠቆ ነው።"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ሰፈር ውስጥ ልጆች አሉ። ነገ እስከ ማታ መፍትሔ ፈልጊለት። አለዚያ እመታዋለሁ።" ትንሽ ሄደና ተመለሰ። "እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም እትዬ ብርቅዬ። አንዲት ጥይት ለማስፈቀድ ስንት ወረቀት እንደሚጻፍ አታውቂም።"

ያን ቀን ሥራ ትቼ የከብት ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ግቢው በበሬና በበቅሎ ተሞልቶ ነበር። ሰው እስኪቀንስ በሩ ሥር ቆምኩ። ሐኪሙ ኩማ የሚባል ወጣት ነው፣ እጁን እየታጠበ አየኝ።

"ምን ነበር እትዬ?"

"ውሻ" አልኩ። ሌላው አልወጣልኝም።

እሱ ግን ታጋሽ ነበር፣ ቀስ በቀስ ከአፌ አወጣው።

"ይኸውልዎት" አለኝ። "እዚህ ያለው መድኃኒት ለገበሬ ማኅበራት ከብት የመጣ ነው። የግል ውሻ ላክም ብል ሁለት ነገር ያስፈልገኛል። አንደኛ የቀበሌ ደብዳቤ፤ ውሻው ባለቤት እንዳለው፣ ሰው እንዳልነከሰ። ማመልከቻዎ ላይ የውሻውን ስም ይጥቀሱ። ሌላው የማደንዘዣው ዋጋ ነው። አሥራ አራት ብር ነው፣ እሱን ባለቤቱ ይከፍላል።"

እኔ ያለኝ ስድስት ብር ነው። እሱንም ነገርኩት።

"ደብዳቤውን ያምጡ፤ ከዚያ እናያለን።"

ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ብር ከሃምሳ ይላሉ። ከስድስቱ ላይ ብር ከሃምሳ ሲነሳ ምን እንደሚቀር አሰብኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከደብተሬ አንድ ቅጠል ገነጠልኩ። ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ምኔን እግሬ ሥር አስተኝቼ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጻፍኩ። እንዲህ ነበር፤ ቃል አልጨመርኩም፦

"ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለጓድ በኃይሉ ውሻዬ ታሞብኛል ምን አገባችሁ ሰው ነክሶ አያውቅም ደብዳቤ ስጡኝ ምን አገባችሁ እንዲታከም ነው ብርቅዬ"

ደጋግሜ አነበብኩት። ሁሉም ፊደል ልክ ነው። እንደውም ትንሽ ኮራሁ።

ሐሙስ ጠዋት ምኔን እየደገፍኩ ቀበሌ ሄድን። የስኳር ቀን ነበር፤ የኅብረት ሱቁ ሰልፍ ግቢውን ዞሮ እስከ በሩ ደርሷል። ውሻ አይገባም ስላሉኝ በሩ ሥር ጥላ ላይ አስተኛሁትና ብቻዬን ገባሁ። ጓድ በኃይሉ ወረቀቱን ተቀብሎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ጮክ ብሎ ማንበብ ይወዳል።

"'ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለጓድ በኃይሉ። ውሻዬ ታሞብኛል፤ ምን አገባችሁ!'" ቀና ብሎ አየኝ። ቀጠለ። "'ሰው ነክሶ አያውቅም። ደብዳቤ ስጡኝ፤ ምን አገባችሁ!'"

ጥግ የተቀመጠው ጸሐፊ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

"ሴትዮ፣ ይሄ ለማን ነው የተጻፈው?"

"ለ… ለርስዎ።"

"ለእኔ! የሰፊው ሕዝብ ቢሮ ድረስ መጥተሽ ምን አገባችሁ ትይኛለሽ? ማን ነው የጻፈልሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ማን አስጻፈሽ ነው የምልሽ!"

ያ ጥያቄ በዚያ ዘመን ጥሩ ጥያቄ አልነበረም።

"ስሙ ነው" አልኩ።

"የማን ስም?"

"የውሻው።"

"እኮ የውሻው ስም ማነው?"

እንግዲህ አስቡት። ሰው ፊት ደህና ዋልክ ማለት የሚከብደኝ ሴት፣ ሊቀ መንበሩን ዓይኑን እያየሁ ያንን ልናገር ነው። እሱ ጠረጴዛውን መታ።

"ስሙ ማነው!"

"ምን አገባችሁ" አልኩ።

ተነሣ። ወንበሩ ወድቆ ተሰበረ። "ማቴዎስ!" ብሎ ተጣራ፤ ማቴዎስ ጠመንጃውን ይዞ ከበረንዳው ገባ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ እዚያ ከታሰርኩ ምኔ እስከ ማታ ይገደላል። ሌላ ነገር አላሰብኩም። ማቴዎስን አልፌ በረንዳው ላይ ወጣሁና፣ ያ ሁሉ ሰልፈኛ እያየኝ፣ ባዬ በሚጣራው ድምፅ ተጣራሁ።

"ምን አገባችሁ! ምን አገባችሁ! ና!"

ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ድምፄ እንዲያ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር።

በሩ በኩል ምኔ ብቅ አለ። ጭንቅላቱን ደፍቶ፣ ሲባጎው በደረቱ ላይ እየተወዛወዘ፣ በሰው እግር መሃል ቀስ እያለ መጣና እግሬ ሥር ተኛ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም።

ጓድ በኃይሉ ከኋላዬ ወጥቶ ቆሟል። "አሁን ያወጣሽለት ስም እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ? ምስክር አለሽ?"

ሰልፉን አየሁ። የስኳር ከረጢት ይዘው ከፊት አራተኛ የቆሙት እትዬ ጽጌሬዳ ነበሩ። ዓይኔን አየት አድርገው መሬት መሬት አዩ። እኔም ልጠራቸው አልቻልኩም፤ በምን አፌ? እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካከሉና ከሰልፉ ወጡ።

"እውነቷን ነው ጓድ ሊቀ መንበር" አሉ። "ስሙ ነው። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ አጥሬ ላይ ቆሞ ሲጠራው ሰምቻለሁ።"

"ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያለ ስም ያወጣለት?"

"ለኔ ነዋ! ለማን ይሆናል?"

ሰልፉ እንደገና ሳቀ። አንዲት ሴት "እትዬ ጽጌሬዳ፣ ዛሬ ተናዘዙ!" አለች።

"አንቺ ዝም በይ፣ ላንቺም ውሻ ይወለዳል!" አሉና ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ። "ሰውም ነክሶ አያውቅም። እኔን እንኳ አልነከሰኝም፤ ሊነክሰኝ ሲገባው።"

ጓድ በኃይሉ ጢሙን በእጁ ሸፈነ። ወደ ውስጥ ገብተን ደብዳቤውን ራሱ ጻፈው። "ስሙን ግን አልጽፈውም። እዚህ ቃል ላይ ማኅተም አልመታም" አለና 'ቀይ ወንድ ውሻ፣ አንድ' ብሎ ጻፈ። ማኅተሙን መታ። ሲሰጠኝ፣ "መሠረተ ትምህርት ነጥብ አላስተማሩሽም?" አለኝ።

"አስተምረውኛል። ረሳሁት።"

"አንዲት ነጥብ ብታደርጊ ኖሮ ወንበሬ አይሰበርም ነበር።"

ከቀበሌ እስከ ከብት ሐኪሙ ሩቅ ነው። ምኔ ከዚያ ወዲያ መራመድ አልቻለም። ጋሪ ለመንኩ፤ ባለጋሪው ለሃጩን አይቶ ፈረሱን ገረፈ። ስለዚህ ነጠላዬን አውርጄ አዘልኩት። ልጅ አዝዬ አላውቅም፣ ግን ሲታዘል አይቻለሁ። እጆቹን በትከሻዬ አሳለፍኩና ደረቴ ላይ ቋጠርኩ።

እኔ ከተማ ስሄድ በጓሮ መንገድ ነው የምሄደው። ያን ቀን ግን አጭሩ በባህል አዳራሽ በኩል ነበር፣ በዋናው አስፋልት። ሰው ይቆማል፣ ይጠቋቆማል።

"እሰይ፣ ማርያም ማረቻት!" አለ አንዱ ሊስትሮ።

"አባቱን ነው የሚመስለው!" አለ ጓደኛው።

አንገቴ ሞቀኝ። እግሬ ግን አልቆመም። ጀርባዬ ላይ ምኔ ሲያቃስት ተሰማኝ፣ እንዲረጋጋ ብዬ "አይዞህ ምን አገባችሁ፣ ደረስን ምን አገባችሁ" አልኩት፤ ጮክ ብዬ፣ እንዲሰማኝ። ሊስትሮዎቹ ጸጥ አሉ። ለእነሱ የመለስኩ መሰላቸው። እኔም አላረምኳቸውም።

ሐኪሙ ኩማ ደብዳቤውን አነበበ፣ ከነጠላዬ ጫፍ የፈታሁትን ስድስት ብር ተቀበለ። የማደንዘዣውን ጠርሙስ አንስቶ በመርፌው ላይ በጥፍሩ ምልክት አደረገልኝ።

"በዚህ ብር የሚደርሰው እስከዚህ ነው። ያፈዘዋል እንጂ አያስተኛውም። እውነቱን ልንገርዎት እትዬ፣ በግማሽ መድኃኒት እጄን ውሻ አፍ ውስጥ አላስገባም። ቢነክሰኝ የእብድ ውሻ መርፌ ለእኔም የለኝም።"

"እኔ አስገባለሁ" አልኩ።

"እርስዎ?"

"ሥራዬ ነው። መንጠቆ ማውጣት።" ከሽርጤ ኪስ ፒንሳዬን አወጣሁ። ዝገት አለባት፣ ግን ትቆርጣለች።

አየኝ፣ ፒንሳዋን አየ። ወስዶ አልኮል ውስጥ ነከራት። "እሺ" አለ። "እኔ አፉን እይዛለሁ።"

መርፌውን ወጋው። የምኔ ዓይን ፈዘዘ፣ አንገቱ ላላ። ኩማ በጥርሶቹ መሃል እንጨት አስገብቶ በገመድ አሰረው። እኔ እጄን ሰደድኩ። መንጠቆው ከምላሱ ሥር ነበር፣ ወደ ግራ፣ ሥጋው አብጦ ውጦታል። አምባዛ ላይ ስንት ሺህ ጊዜ አድርጌዋለሁ። መንጠቆ ተስቦ አይወጣም፤ ወደ ፊት ተገፍቶ ጫፉ በሌላ በኩል ብቅ ይላል፣ ጥርሱ ይቆረጣል፣ ከዚያ በመጣበት ይመለሳል። አምባዛ ግን አይጮህም።

ስገፋው ምኔ ነቃ። መላ ሰውነቱ ተወራጨ፣ እንጨቱ ተንቋቋ። "ያውጡ! እጅዎን ያውጡ!" አለ ኩማ።

አላወጣሁም። አሁን ካወጣሁ ሌላ መርፌ የምገዛበት ብር የለም፤ ማታ ደግሞ ማቴዎስ አለ። ጎንበስ ብዬ ጆሮው ላይ፣ በሹክሹክታ ሳይሆን በባዬ ድምፅ፣ "ምን አገባችሁ! ተኛ! ምን አገባችሁ!" አልኩት። እንዴት እንደሆነ እንጃ፤ ቆመ። እየተንቀጠቀጠ ቆመ። የመንጠቆው ጫፍ ጣቴን ወጋኝ፤ ስለዚህ ወጥቷል ማለት ነው። በፒንሳዋ ጥርሱን ቆረጥኩት። የቀረውን ሳብ ሳደርገው እንደ ቅቤ መጣ።

ኩማ እንጨቱን ፈታ። ግንባሩን በክንዱ ጠረገ።

"ሲሠሩ ማንን ነው ምን አገባችሁ የሚሉት? እኔን ነው?"

"እሱን ነው። ስሙ ነው።" ቃሉ ሳይጠፋብኝ ወጣ።

ቁጭ ብሎ እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ አንድ ጠርሙስ ገልብጦ ከሥሩ የቀረውን ፔኒሲሊን ወጋው። "ይሄ የበሬ ነው። ከጠርሙስ ሥር ያለ አይቆጠርም" አለ። መዝገቡን ከፍቶ የእንስሳው ስም በሚለው ቦታ ላይ ጻፈ። አየሁት፤ አራት ነጥብ አድርጎበታል።

አዝዬው ተመለስኩ፣ በዚያው በአስፋልቱ። ማቴዎስ ሊመሽ ሲል መጣ። ምኔ ከሳህን ውኃ ሲጠጣ ቆሞ አየውና ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ጽጌሬዳ በአጥሩ ላይ አንድ ጣሳ አሻገሩልኝ። ለብ ያለ የአጃ ሾርባ ነው። "ማኘክ ስለማይችል ነው" አሉ፣ ፊታቸውን ዞር አድርገው። "ስሙን ግን አልጠራም። ያንን ከኔ አትጠብቂ።"

"ግድ የለም እትዬ" አልኳቸው። "እኔ እጠራዋለሁ።"

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ እሳቸው አጥሩ ላይ እንደቆሙ፣ በሙሉ ድምፄ ጠራሁት።